የመፈቻ ቀን የሌላት ሴት ለምን ትዘፍናለች?

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ መንሲ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የሴቶች ወህኒ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 መገባደጃ ላይ በዚያ ግቢ ውስጥ የቴድኤክስ መድረክ ተዘጋጀ። ቴድ ያው በዩቲዩብ የምናውቀው፣ ሰዎች ቆመው ሐሳባቸውን በአጭሩ የሚያካፍሉበት መድረክ ነው። የዚያን ዕለት አሥር ሴቶች ንግግሩን ትተው ዘፈን ይዘው ቀረቡ። አሥሩም የዕድሜ ልክ ፍርደኞች ናቸው። ቡድናቸው «ሌዲ ላይፈርስ» ይባላል፤ «የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ሴቶች» እንደማለት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዝማቹ አጭር ነው። «ይህ ቤቴ አይደለም» ይላል። መሃል ላይ አንዷ መልአክም ሰይጣንም እንዳልሆነች ታዜማለች። ሲጨርሱ በየተራ ስማቸውንና የታሰሩበትን ዘመን ይናገራሉ። ሃያ ምናምን ዓመት የምትል አለች። ሠላሳ ሰባት የምትል አለች። አርባ የምትልም አለች። አንዷ የገባችው ገና ልጅ ሳለች ነው። እያንዳንዷ ዓመቷን ከተናገረች በኋላ ያችኑ አዝማች ትደግማለች።

ቪዲዮውን አይቶ እንባን መቆጣጠር ይከብዳል። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ከእንባው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። እነዚህ ሴቶች መቼ ነው የሚፈቱት? አርባ ዓመት ለታሰረች ሴት ስንት ቀራት? በሕጉ ከሄድን መልሱ «የመፈቻ ቀን የላትም» ነው። ዘፈኑ ምን እያለ እንደሆነ የሚገባን ይህን ሕግ ስናውቅ ነው። ስለዚህ ከሕጉ እንጀምር።

ዕድሜ ልክ ሲባል ስንት ዓመት ነው?

ብዙዎቻችን ዕድሜ ልክ ስንሰማ «ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት ታስሮ ይወጣል» ብለን ነው የምናስበው። እኛ አገር ይህን ለማሰብ ምክንያት አለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 202፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ሃያ ዓመት ከታሰረና ሌሎቹን ሁኔታዎች ካሟላ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው እንደሚችል ይናገራል። ከዚያ ውጪ ደግሞ ይቅርታ አለ። ብርቱካን ሚደቅሳ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው ቃሊቲ እንደነበሩና በ2010 በይቅርታ እንደወጡ የማያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

በፔንሲልቬንያ ለዕድሜ ልክ ፍርደኛ አመክሮ የለም። የአመክሮ ቦርዱ የእሱን ፋይል የማየት ሥልጣን በሕግ አልተሰጠውም። ጠባዩን ያሳመረም፣ ውስጥ ሆኖ ዲግሪ የያዘም፣ ሰማንያ ዓመት የሞላውና በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋም እኩል ነው። በዚህ ሁኔታ የታሰሩ ሰዎች በግዛቲቱ 5,000 ያህል ናቸው። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ በቁጥር ትንሽ ስለሆኑ ነው የሚረሱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዕድሜ ልክ የሚፈረደው በእጁ በገደለ ሰው ላይ ብቻ አይደለም። በፔንሲልቬንያ ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ግድያ የሚባል አለ። ሰዎች ተሰባስበው ለዝርፊያ ይወጣሉ እንበል። አንዱ ገብቶ ይዘርፋል፣ አንዱ መኪና ይዞ ይጠብቃል፣ አንዷ ደግሞ ሰው እንዳይመጣ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። ውስጥ ባልታሰበ ሁኔታ ሰው ተገደለ። ሕጉ ሦስቱንም በዚሁ ግድያ ይጠይቃቸዋል። ቅጣቱም አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ ነው። ዳኛው «እሷ እኮ ጥግ ላይ ቆማ ነበር፣ ዕድሜዋም አሥራ ስምንት ነው» ብሎ ሊያቀልላት ቢፈልግ እንኳ አማራጭ አልተሰጠውም። ቅጣቱ አስገዳጅ ነው።

ከጓደኛዋ፣ ከወንድሟ ወይም ከምትፈራው ባሏ ጋር ሄዳ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀች ሴት ማሰብ አይከብድም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ በ1999 ባወጣው ጥናት፣ በግዛት ወህኒ ቤቶች ከታሰሩት ሴቶች 57 በመቶው ከመታሰራቸው በፊት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከወንዶቹ 16 በመቶው ነበሩ። ይህ ቁጥር የማንንም ጥፋት አይሰርዝም። ሰው ሞቷል፤ የሞተው ሰው ቤተሰብ አለው። ስለዚያ ኋላ እመለሳለሁ። ግን እነዚህ ሴቶች ወህኒ ከመግባታቸው በፊት ኑሯቸው ምን ይመስል እንደነበር ከዚህ የተሻለ የሚነግረን ቁጥር ብዙ የለም።

በመላው አሜሪካ ስናየው፣ ዘ ሴንተንሲንግ ፕሮጀክት የተባለው የጥናት ድርጅት በ2021 ባወጣው ዘገባ በእስር ላይ ካሉ 15 ሴቶች አንዷ የዕድሜ ልክ ወይም ከዕድሜ ልክ የማይተናነስ ረጅም ፍርድ ላይ ናት። በጠቅላላው ወደ 6,600 ሴቶች ማለት ነው። ከእነሱ ውስጥ ወደ 2,000 የሚጠጉት አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ናቸው።

የመንሲ ታሪክ

መንሲ ራሱ ታሪክ አለው። በ1913 የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት ለሴቶች ብቻ የሚሆን ማረሚያ እንዲሠራ ሕግ አወጣ። ማረሚያው በ1920 ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ በጊዜው እንደ ቸርነት ይታይ ነበር። ሴቶችን ከወንዶች እስር ቤት አውጥቶ በገጠር፣ በንጹሕ አየር፣ በሥራና በትምህርት ማረም። ነገር ግን ሕጉ ውስጥ መርዝ ነበረበት። ወንድ ሲፈረድበት ዳኛው ዝቅተኛና ከፍተኛ ዓመት ይወስንለታል፤ ዝቅተኛውን ሲጨርስ አመክሮ ይጠይቃል። ሴት ወደ መንሲ ስትላክ ግን ዝቅተኛ ዓመት የሚባል ነገር አይወሰንላትም። «እስክትታረም» ነው። ለአንድ ዓይነት ጥፋት ከወንዱ በላይ ልትታሰር ትችላለች ማለት ነው።

ይህ ሕግ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሠራ። በመጨረሻ በዝርፊያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት የተፈረደባት ሴት፣ ዳኛው ፍርዱን ቀይሮ በዚሁ ሕግ እስከ አሥር ዓመት ወደ መንሲ ሲልካት ይግባኝ አለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 ሕጉን ሻረው። ሴትን በሴትነቷ ብቻ አስረዝሞ ማሰር ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም አለ። ዛሬ የመንሲ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች በሌላ ሕግ ነው የታሰሩት። ቢሆንም መፈቻዋን የማታውቅ ሴት ለዚያ ግቢ አዲስ እንግዳ አልነበረችም።

ሌላው ነገር ርቀቱ ነው። ከፊላዴልፊያ መንሲ ለመድረስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። መኪና ለሌላት አያት፣ የልጅ ልጆቿን ይዛ እናታቸውን ለማሳየት የሙሉ ቀን ጉዞ ነው። በ2016 በተሰበሰበ የመንግሥት መረጃ በአሜሪካ የግዛት ወህኒ ቤቶች ካሉት ሴቶች 58 በመቶው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያላቸው እናቶች ነበሩ። ዕድሜ ልክ ሲሆን ልጁ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። እናትየው ይህን ሁሉ በስልክና በፎቶ ትከታተላለች። የራሷ እናት ስትሞት ደግሞ አትቀብርም። ለእኛ፣ ቀብር ላይ አለመገኘት ምን ማለት እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች፣ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ዘፈኑ ምን ያደርግላቸዋል?

ወህኒ ቤት ውስጥ ያለ ሥልጠና ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ግብ አለው። ሰውየው ሲወጣ እንዳያጠፋ ማዘጋጀት። የሥራ ሥልጠናው፣ የሱስ ሕክምናው፣ የገንዘብ አያያዝ ትምህርቱ ለሚወጣ ሰው ነው የታሰበው። ቦታ ጠባብ፣ ተመዝጋቢ ብዙ ሲሆን ቅድሚያ የሚሰጠው መፈቻው ለቀረበ ነው። በብዙ ቦታ የዕድሜ ልክ ፍርደኛዋ የወረፋው መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። በአስተዳደሩ ዓይን ስናየው ክፉ አሳቢ ሰው ያመጣው ነገር አይመስልም። የምትወጣው ቅድሚያ ይሰጣት ቢባል ማን ይቃወማል? ውጤቱ ግን አርባ ዓመት እዚያ የምትኖረዋን ሴት ምንም የማትዘጋጅለት ሰው ያደርጋታል።

ዘፈን የመፈቻ ቀን አይጠይቅም። ለዛሬ ማታ ይበቃል። ልምምድ ማክሰኞ ነው ከተባለ ሰኞና ማክሰኞ ይለያያሉ። ሦስተኛዋን ድምፅ የምትይዘው ሴት ካልመጣች ዜማው ይጎድላል፤ ስለዚህ ትፈለጋለች። ሰው በቁጥር በሚጠራበት ቦታ «አንቺ ከሌለሽ አይሆንም» መባል ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ በር የሚከፍትላትና የሚዘጋባት ሌላ ሰው ነው። ዜማው ውስጥ መቼ እንደምትገባ የምትወስነው እሷ ናት።

አካል ላይም የሚታይ ነገር አለ። በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች የልብ ምት አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዜማው የት መተንፈስ እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ትንፋሻቸው ሲገጥም ልባቸውም ይከተላል። ረጅም፣ ቀስ ያለ ትንፋሽ ደግሞ ሰውነትን ያረጋጋል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2015 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ። የዝማሬ ክፍል የገቡ ሰዎች የእጅ ሥራና የድርሰት ክፍል ከገቡት ቀድመው እርስ በርስ ተቀራረቡ። ከሰባት ወር በኋላ ሌሎቹም ደረሱባቸው። ዝማሬ የሚያፋጥነው የመጀመሪያውን መቀራረብ ነው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች መሃል ያለውን በረዶ። እስር ቤት ውስጥ፣ ሰው ሰውን ማመን በሚፈራበት፣ ይህ ዋጋው ከፍ ያለ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ጥናቶች ግን የተሠሩት ውጪ ባሉ ነፃ ሰዎች ላይ እንደሆነ ልብ በሉ።

የመንሲዎቹን ዘፈን ደጋግሜ ስሰማ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የእኛ ሙሾ ነው። ለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ስም ትጠራለች። ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ ጥሎአቸው የሄደውን ልጆች ትቆጥራለች። ሌላው ይቀበላታል። ሲቀበላት ሐዘኑ የአንድ ቤት መሆኑ ይቀርና የሁሉም ይሆናል። እነዚህ ሴቶች ስማቸውን የሚጠራላቸው፣ ዓመታቸውን የሚቆጥርላቸው ሰው የለም። ብዙዎቹ ቤተሰባቸው አልቋል ወይም ርቋል። ስለዚህ በሕይወት እያሉ የራሳቸውን ስም ራሳቸው ጠሩ። ዓመታቸውን ራሳቸው ቆጠሩ። ጓደኞቻቸው ተቀበሏቸው። ለዚህ ይመስለኛል የመጨረሻው ክፍል ከዜማው ሁሉ በላይ የሚያንቀጠቅጠው፣ እዚያ ጋ ሲደርስ የሚዘፈን ነገር እንኳ ባይኖርም።

ስለ እናቶቹ ካነሳሁ አይቀር፣ በኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል የተባለው ታላቁ የሙዚቃ አዳራሽ በ2011 የጀመረው ሥራ አለ። እናቶች ከባለሙያ ሙዚቀኛ ጋር ተቀምጠው ለልጃቸው እሹሩሩ ይደርሳሉ። የጀመረው በሆስፒታል፣ ብዙ ችግር ባለባቸው ነፍሰ ጡሮች ነው። በኋላ የሪከርስ ደሴት እስር ቤት ድረስ ሄደ። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች አይደሉም። ሥራው ግን የገባኝ በዚህ ነው፦ ማቀፍ ያልቻለች እናት በድምፅዋ ልጇ አልጋ አጠገብ ትደርሳለች። የተቀዳ ድምፅ የጉብኝት ሰዓት አያልቅበትም።

ከመንሲ ወደ ዞምባ

ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ማላዊ ልሂድ። በ2013 ኢያን ብሬናን የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ፕሮዲውሰር ዞምባ ወደሚገኘው ከፍተኛ ጥበቃ ወህኒ ቤት መቅጃ ይዞ ሄደ። ወህኒ ቤቱ ለ340 ሰው ያህል ተሠርቶ ከ2,000 በላይ የሚታጎርበት ነበር። ወንዶቹ ባንድ አላቸው፤ ጊታርና ኪቦርድ ሳይቀር። ሴቶቹ የነበራቸው ከበሮ ነው። ቅጂው ሲጀመር ሴቶቹ «እኛ ዘፈን ደራሲ አይደለንም» አሉ። ከዚያ አንዷ ወጥታ የራሷን ዘፈነች። ከኋላዋ ሌላዋ ተሰለፈች። ከዚያ ሌላዋ። ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደቂቃ አይሞሉም። ልጅ፣ በሽታ፣ ጸጸት፣ «ለምን እኔ» የሚል ጥያቄ።

አልበሙ በ2015 ወጣ። ለግራሚ ሽልማት ታጨ። ለማላዊ የመጀመሪያው እጩነት ነበር። በ2016 ሽልማቱን የወሰደችው ቤኒናዊቷ አንጄሊክ ኪጆ ናት። ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ግራሚው አይደለም። ወንዶቹ መሣሪያውም፣ የባንድ ስሙም፣ ዕውቅናውም ነበራቸው። ሴቶቹ ግን ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ የሚያንጎራጉሩትን ነገር ዘፈን ብለው አልቆጠሩትም ነበር። በሌላ ወህኒ ቤትም የሙዚቃ ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ ለወንዶች ቢከፈት ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል፤ ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፣ አይጠይቁም፣ አይበጠብጡም።

ዘፈን በር ከፍቶ ያውቃል?

አዎ፣ ከፍቶ ያውቃል። ሊድ ቤሊ በሚል ስም የሚታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ቴክሳስ ውስጥ በግድያ ታስሮ ነበር። አገረ ገዥው ፓት ኔፍ ወህኒ ቤቱን ሲጎበኝ ዘፈነለት፤ ይቅርታም ለመነው። ኔፍ ሥልጣኑን ሊለቅ ሲል በ1925 ፈታው። በዚያው ቴክሳስ በ1940 ከጎሪ የሴቶች ወህኒ ቤት የተውጣጡ እስረኞች የገመድ መሣሪያ ባንድ አቋቁመው በሬዲዮ መዝፈን ጀመሩ። አገር ምድሩ ይሰማቸው ነበር። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በይቅርታና በአመክሮ ወጥተዋል። በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ልብ ከራራ ነገሩ ያልቅ ነበር።

የዛሬይቱ ፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ ግን የመንሲዎቹን ዘፈን ሰምቶ ቢያለቅስ እንኳ ብቻውን አንዲትም ሴት መፍታት አይችልም። መጀመሪያ የይቅርታ ቦርዱ መወሰን አለበት። ቦርዱ አምስት አባላት አሉት። ምክትል አገረ ገዥው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ የተጎጂዎች ወኪል፣ የወህኒ ቤት ጉዳይ ባለሙያና አንድ የሕክምና ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ። ለዕድሜ ልክ ፍርደኛ አምስቱም መስማማት አለባቸው። አራት ለአንድ ከሆነ ወደቀ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1970ዎቹ አገረ ገዥ የነበሩት ሚልተን ሻፕ 251 የዕድሜ ልክ ፍርዶችን አቅልለዋል። ያኔ የቦርዱ አብላጫ ድምፅ ይበቃ ነበር። በ1994 ግን በዚህ መንገድ የወጣ አንድ ሰው ኒውዮርክ ውስጥ ሰዎች ገደለ። እንዲወጣ ድምፅ የሰጡት ምክትል አገረ ገዥ ማርክ ሲንጌል በዚያው ዓመት ለአገረ ገዥነት ይወዳደሩ ነበር። ወንጀሉ የምርጫው ወሬ ሆነ፤ ተሸነፉ። በ1997 ሕዝቡ በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ አምስቱም ይስማሙ አለ። ከዚያ በኋላ በሩ ጠበበ። ከአገረ ገዥዎቹ ቶም ሪጅ አንድም አላቀለሉም። ኤድ ሬንዴል በስምንት ዓመት ያቀለሉት አምስት ነው። ቶም ኮርቤትም አንድም አላቀለሉም። የሌዲ ላይፈርስ ሴቶች ሲዘፍኑ አገረ ገዥው ኮርቤት ነበሩ።

አንድ ሰው ባጠፋው ሌላ 5,000 ሰው መቀጣቱን ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ግን ፍርሃቱ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ያኔ የሞቱት ሰዎች እውነተኛ ሰዎች ናቸው።

ይህም ወደ ተጎጂዎች ይመልሰኛል። ልጁ ወይም እናቱ የተገደለችበት ሰው፣ ገዳዩ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲጨበጨብለት ቢያይ ምን ይሰማዋል? ጥያቄው በዚያው ሰሞን ፔንሲልቬንያን ያወዛግብ ነበር። በጥቅምት 2014 ኮርቤት አንድ ሕግ ፈረሙ። እስረኛ በንግግሩ ወይም በድርጊቱ ተጎጂን ዳግም ካሳዘነ ተጎጂው ክስ መሥርቶ ሊያስቆመው ይችላል የሚል ነበር። የሕጉ መነሻ ሌላ ታዋቂ እስረኛ በድምፅ ቅጂ ለአንድ ኮሌጅ ተመራቂዎች ያደረገው ንግግር ነው። የተጻፈበት መንገድ ግን ሰፊ ነበር። ዘፈንም ሊገባበት ይችል ነበር። በሚያዝያ 2015 የፌዴራል ዳኛ ሻረው፤ እስረኛም የመናገር መብት አለው በማለት።

እኔ ከዳኛው ጋር እስማማለሁ። የተጎጂን እንባ ለማበስ ሌላውን አፍ ማስያዝ መፍትሔ አይሆንም። እንዲያውም የመንሲውን ዘፈን ልብ ብሎ የሰማ ሰው «ንጹሕ ነኝ» የሚል ቃል አያገኝበትም። ጸጸት አለበት። ተጎጂዎች ይህን መስማት የማይፈልጉ ከሆነ ያለመስማት ሙሉ መብት አላቸው። ይቅር በሉ ብሎ የሚያስገድዳቸው ሰው ሊኖር አይገባም፤ በጭብጨባም ቢሆን።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በልጅነታቸው ባጠፉት ላይ አስገዳጅ፣ አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ እንዳይፈረድ ወስኗል። በ2016 ደግሞ ውሳኔው ቀድሞ የተፈረደባቸውንም እንዲጨምር አደረገ። በልጅነታቸው እንዲህ የተፈረደባቸው ሰዎች በብዛት ከማንም በላይ የነበሩት ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው፤ 500 ያህል። አብዛኞቹ ፍርዳቸው እንደገና ታይቷል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት ወጥተዋል።

አገረ ገዥ ቶም ዎልፍ ደግሞ በስምንት ዓመት 53 የዕድሜ ልክ ፍርዶችን አቅልለዋል። ከሻፕ ወዲህ ያን ያህል የሠራ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ቦርዱን ይመሩ የነበሩት ምክትላቸው ጆን ፌተርማን፣ በ2019 ፍርዳቸው ቀሎላቸው የወጡ ሁለት ሰዎችን በቢሯቸው ቀጠሩ። አንዷ ከሠላሳ ዓመት በላይ መንሲ የነበረች ሴት ናት። ሥራዋ ውስጥ የቀሩት የማመልከቻ ቅጹን እንዲሞሉ፣ በቦርዱ ፊት ለመቅረብ እንዲዘጋጁ መርዳት ነበር። ቅጹ ረጅም ነው። ያጠፋሽው ምንድን ነው፣ ዛሬ ስለ ጥፋትሽ ምን ትያለሽ፣ ብትወጪ የት ትኖሪያለሽ፣ ማን ይቀበልሻል ይላል። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ ይቸገራሉ። ይቀበሉኛል ብለው የሚጽፏቸው ሰዎች አርባ ዓመት ሲጠብቁ አልፈዋል።